የዋጥነውን መድኃኒት ማን ያስወጣዋል?

የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ «በየ8 ሰዓቱ አንድ ፍሬ» ተብሎ ይጻፋል። ሌላው ላይ «በቀን አንድ ጊዜ» ይላል። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድም አለ። ብዙ ሰው ቁጥሩን ተቀብሎ ይውጣል እንጂ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ሐኪሙ ብሏል፣ በቃ።

ቁጥሩ በአብዛኛው የሚመጣው መድኃኒቱ ከሰውነት ከሚወጣበት ፍጥነት ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ሰዓት የሚበቃው መድኃኒት አለ። ሁለት ቀን የሚፈጅበትም አለ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ሰዓት ሊሰጡ አይችሉም። ቶሎ የሚወጣው ቶሎ ቶሎ ካልተተካ በሽታው ፋታ ያገኛል። ቀስ ብሎ የሚወጣው ደግሞ በላይ በላዩ ከተጨመረ ይከማችና ይጎዳል። ስለ መድኃኒት ሲወራ «ያድናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሁሉንም ቀልብ ይወስዳል። እኔን ለዓመታት የያዘኝ ግን ሌላኛው ጥያቄ ነው። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ማን ያስወጣዋል? በምን ፍጥነት? ወደ ምን ቀይሮ?

መልሱ በአብዛኛው ያለው ጉበት ውስጥ ነው። የአንድን ጤነኛ ሰው ጉበት ከፍቶ እያዩ መድኃኒት መሞከር ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ የጉበት ሴሎችን ላብራቶሪ ውስጥ እናኖራለን። መድኃኒቱን እንሰጣቸዋለን። ምን እንደሚያደርጉት እንከታተላለን። ሥራዬ ይህ ነው። ዛሬ ስለ እነዚህ ሴሎች ልጽፍ የተነሳሁት አንድ ነገር በየጊዜው ስለሚያሳስበኝ ነው፤ የጉበት ሴል በሕይወት አለ ማለት የጉበትን ሥራ እየሠራ ነው ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ግን ጉበት ምን እንደሚሠራ እንይ።

የምንውጣቸው መድኃኒቶች አብዛኞቹ ስብ ወዳድ ናቸው። መሆንም አለባቸው፤ ካልሆኑ የአንጀትን ግድግዳ አልፈው ደም ውስጥ መግባት ይቸግራቸዋል። ያው ባሕርይ ግን መውጫቸውን ይዘጋባቸዋል። ኩላሊት ቢያጣራቸውም ሾልከው ወደ ደም ይመለሳሉ። ዘይት የነካው እጅ በውሃ ብቻ አልለቅ እንደሚለው ማለት ነው። ጉበት እዚህ ላይ ይገባል። መድኃኒቱን ውሃ ወዳድ አድርጎ ይቀይረዋል። አንዳንዴ ኦክስጅን ያስገባበታል። አንዳንዴ ግሉኩሮኒክ አሲድ የተባለ፣ ከስኳር የተሠራ ቁራጭ ያያይዝበታል። ሌላ ጊዜ ሰልፌት ወይም ግሉታታዮን ይሆናል። ከዚያ ወይ በሐሞት ወደ አንጀት፣ ወይ በደም በኩል ወደ ኩላሊት ይሸኘዋል።

ይህ የትናንት ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኬለር የተባለ ተመራማሪ ቤንዞይክ አሲድ ራሱ ውጦ ሽንቱን መረመረ። የዋጠው ነገር ተቀይሮ፣ ሂፑሪክ አሲድ ሆኖ ነው የወጣው። የገባው ኬሚካልና የወጣው ኬሚካል የተለያዩ ነበሩ። በመሃል አንድ ሠራተኛ አለ ማለት ነው።

ያ ሠራተኛ ኢንዛይም ነው። በመድኃኒት ዓለም ስሙ የገነነው ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባለው ቤተሰብ ነው። ስሙን በ1962 ያወጡለት ጃፓናውያኑ ኦሙራና ሳቶ ናቸው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ አሳጥረን «ሲፕ» እንላቸዋለን። ሰው እነዚህን የሚሠሩ 57 ጂኖች አሉት። ሲፕ3ኤ4 የተባለው አንዱ ብቻውን ከምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ያስተናግዳል። በየደቂቃው ወደ 1.5 ሊትር ደም ጉበት ውስጥ ያልፋል። አብዛኛው በቀጥታ ከአንጀት የሚመጣ ነው። የዋጥነው ነገር ልብና አንጎል ጋ ከመድረሱ በፊት ጉበትን ማለፍ አለበት። ናይትሮግሊሰሪን የተባለው የልብ መድኃኒት ከምላስ ሥር የሚደረገው ለዚህ ነው። ቢዋጥ ጉበት ገና በመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን ያጠፋዋል።

«ታዲያ እንስሳ ላይ አይሞከርም?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ይሞከራል። ችግሩ የእያንዳንዱ እንስሳ ጉበት የራሱ ጠባይ ያለው መሆኑ ነው። ድመት ግሉኩሮኒክ አሲድ የማያያዝ አቅሟ በጣም ደካማ ስለሆነ እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ሊገድላት ይችላል። ውሻ ደግሞ አሴታይል የተባለ ትንሽ ቁራጭ እያያያዘ ብዙ መድኃኒቶችን የሚለውጠው ኢንዛይም የለውም። እንግዲህ ውሻ ላይ የተለካ ፍጥነት ወደ ሰው ሲዞር ምን ያህል እንደሚታመን መገመት ነው።

ፊያሉሪዲን የተባለውን መድኃኒት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። በ1993 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ለ15 የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ተሰጠ። ቀደም ብሎ እንስሳት ላይ ሲሞከር ጉበት ያጠፋል የሚያሰኝ ነገር አልታየበትም ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ላይም ጥሩ ነበር። ቫይረሱ ቀነሰ፣ ተስፋ ተፈጠረ። ከሁለት ወር በላይ ካለፈ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። መድኃኒቱ ለሁሉም እንዲቆም ተደረገ። ጉዳቱ ግን መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ቀጠለ። ሰባቱ ላይ ከባድ የጉበት ጉዳት ደረሰ። አምስቱ ሞቱ። ሁለቱ በጉበት ንቅለ ተከላ ተረፉ።

ለምን እንስሳቱ አልታመሙም? በኋላ የተገኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሰው ሴል ይህን መድኃኒት ወደ ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም ወደ ሴሉ የኃይል ማመንጫ የሚያስገባ አጓጓዥ ፕሮቲን አለው። አይጦች ሚቶኮንድሪያ ላይ ያ አጓጓዥ የለም። እነሱ ውስጥ መድኃኒቱ ደጅ ቀረ። ሰው ውስጥ ገባና የሚቶኮንድሪያውን ዲኤንኤ ቀስ በቀስ አበላሸ።

ከዚህ ታሪክ እኔ ሁለት ነገር ይዤ እሄዳለሁ። አንደኛው ግልጽ ነው፤ የሰው ሴል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሴሉ ለሳምንታት ሥራ ላይ መቆየት አለበት። አንድ ሁለት ቀን ብቻ የሚሠራ የሰው የጉበት ሴል ፊያሉሪዲንን ቢሰጡት ምንም አላየሁም ይል ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ለሳምንታት በሚቆዩ የሰው የጉበት ሴሎች ላይ መድኃኒቱ በተደጋጋሚ ሲሰጥ ጉዳቱ ታየ።

የሰው የጉበት ሴል ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ለንቅለ ተከላ ተለግሶ ሳይመች ከቀረ ጉበት ነው። ስብ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ሰዓት አልፎበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ዕጢ ለማውጣት ቀዶ ጥገና ሲደረግ አብሮ ከተቆረጠ ጤነኛ ክፍል ይገኛል። በደም ሥሮቹ በኩል ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም በሰውነት ሙቀት ይፈስበታል። ኢንዛይሙ ሴሎቹን አስሮ የያዘውን ኮላጅን ይበላዋል። ጉበቱ ይላላና ሴሎቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ። ዘዴውን ቤሪና ፍሬንድ በ1969 በአይጥ ጉበት ላይ አሳዩት። መሠረቱ ዛሬም ያው ነው። ከዚያ ሴሎቹ ቀዝቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣሉ።

እኔ ጋ የሚደርሱት በትናንሽ ብልቃጥ ነው። አብሮ አንድ ገጽ ወረቀት ይመጣል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሞት ምክንያት፣ ያጨስ ነበር ወይ፣ ምን መድኃኒት ይወስድ ነበር። ስም የለም። ይህን ወረቀት ሳላነብ ብልቃጥ አልከፍትም። ለሳይንሱ የግድ ነው፤ አጫሽ የነበረ ሰው ጉበት ሲፕ1ኤ2 የተባለውን ኢንዛይም ስለሚያበዛ ቁጥሩን ይቀይረዋል። ግን ለዚያ ብቻ ብዬ አይደለም የማነበው። አንድ ቤተሰብ በሐዘኑ መሃል ቆሞ «እሺ» ብሎ ፈርሟል። ያን እያወቅኩ ብልቃጡን ሳቀልጥ እጄ ይጠነቀቃል።

ሳህን ላይ ባረፉ ማግስት ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታዩ ያምራሉ። ብዙ ማዕዘን አላቸው። አንዳንዶቹ ሁለት ኒውክለስ ይይዛሉ። በመሃላቸው ደማቅ መስመር ይሄዳል፤ ሐሞት የሚፈስበት ጠባብ ቦይ መጀመሪያ ነው። ይህን ያየ ሰው ጉበት ተገኘ ብሎ ሊያምን ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ቀናት በሄዱ ቁጥር ሴሎቹ ይለጠጣሉ። ጠርዛቸው ይደበዝዛል። በሕይወት አሉ፤ ስኳር ይጠቀማሉ፣ ኦክስጅን ይወስዳሉ። ሲፕ ኢንዛይሞቻቸው ግን በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ውስጥ ክፉኛ ይወርዳሉ። ሴሉ ጉበትነቱን እየረሳ ነው።

ለምን ይረሳል? ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ማውጣት ራሱ ቁስል ነው። የቆሰለ ጉበት ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው ራሱን መጠገን ነው፤ መድኃኒት ማስወገድ ይቆየኝ ይላል። ፕላስቲኩ ከእውነተኛው ጉበት እጅግ ይጠነክራል። አብረውት የነበሩት ሌሎች የሴል ዓይነቶች የሉም። አቅጣጫውም ይጠፋበታል። ሰውነት ውስጥ የጉበት ሴል በአንድ ወገኑ ከደም ይቀበላል፣ በሌላው ወገን ለሐሞት ይሰጣል። ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ብቻውን ሲያርፍ የቱ ደም የቱ ሐሞት እንደሆነ ይምታታበታል።

የሞተ ሴል አያሳስበኝም። ቀለም ሲነካው ይታወቃል፣ ይጣላል። የሚያሳስበኝ በሕይወት ያለውና ሥራውን ያቆመው ነው። መድኃኒት ሲሰጡት አይነካውም። ከሰዓታት በኋላ ሲለካ መድኃኒቱ እንዳለ አለ። ይህን ያየ ሰው «ይህ መድኃኒት ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የደከመው ግን ሴሉ ነበር። ከዚያ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መጠን ይወሰናል። በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ ይሰላል። አንድ የዘነጋ ሴል ይህን ያህል ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከማይታወቀው መድኃኒት ጎን ሁልጊዜ የሚታወቅ መድኃኒት ይፈተሻል። ለሲፕ3ኤ4 ሚዳዞላም የተባለ የማስተኛ መድኃኒት አለ። ሴሎቹ ሚዳዞላምን በሚጠበቅባቸው ፍጥነት ካልለወጡ ያን ዕለት ከእነሱ የተገኘ ሌላ ቁጥር ሁሉ እኔ ዘንድ ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ምንም ድርድር አላውቅም።

መርሳቱን ለማዘግየት የተደረገው ጥረት ልብ ይነካል። በ1989 ደን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የአይጥ የጉበት ሴሎችን በሁለት የኮላጅን ንጣፎች መሃል አኖሯቸው። ከላይም ከታችም ሲያዙ ሥራቸውን ለሳምንታት ቀጠሉ። በ2008 ኬታኒና ባቲያ የሰው የጉበት ሴሎችን በትናንሽ ደሴቶች አስቀምጠው ዙሪያቸውን ፋይብሮብላስት በተባሉ የአይጥ ሴሎች ከበቧቸው። እንደገና ሳምንታት። ዛሬ ደግሞ ሴሎቹን ድቡልቡል አድርጎ ሳህን ሳይነኩ እንዲያድሩ ማድረግ ተለምዷል። በሁሉም ውስጥ የማየው አንድ ነገር ነው። የጉበት ሴል ከመድኃኒቱ በፊት ጎረቤት ይፈልጋል።

ሌላም ጣጣ አለ። ጉበት ሰውነት ውስጥ ሲቆረጥ መልሶ ያድጋል። ሳህን ላይ የተቀመጠ የአዋቂ ሰው የጉበት ሴል ግን እንደዚያ አይባዛም። የአንድ ለጋሽ ብልቃጦች አለቁ ማለት አለቁ። ጠባዩን የተላመዳችሁት ለጋሽ ሲያልቅ ሌላ ይመጣል፣ ቁጥሮቹም አብረው ይቀየራሉ። ስለዚህ ሰዎች የማያልቅ ሴል ፍለጋ ወጡ።

መጀመሪያ የተገኙት የዕጢ ሴሎች ናቸው። በ1970ዎቹ ከአንድ የ15 ዓመት አርጀንቲናዊ ልጅ የጉበት ዕጢ የተወሰደው ሄፕጂ2 በመላው ዓለም ላብራቶሪዎች አለ። ያለማቋረጥ ይባዛል፣ አያስቸግርም። ሲፕ ኢንዛይሞቹ ግን ከምንም የማይቆጠሩ ናቸው። መድኃኒት እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ እሱን መጠየቅ አልወድም። በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ የቀረበው ሄፓአርጂ የተሻለ ነው። እሱም ከዕጢ የመጣ ነው። ሁለት ሳምንት አድጎ፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ዲኤምኤስኦ የተባለ ኬሚካል ውስጥ ከቆየ በኋላ ሲፕ ኢንዛይሞችን በደንብ ያወጣል። ግን የአንድ ሰው ጉበት ብቻ ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ ወኪል ሊሆን አይችልም።

ከዚያ ጃፓናዊው ተመራማሪ ያማናካ መጣ። ከታካሃሺ ጋር በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል፣ ተራ የቆዳ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት፣ ማለትም ወደ ሌላ የሴል ዓይነት ሊያድግ ወደሚችል መነሻ ሴል፣ ሊመለስ እንደሚችል አሳዩ። ያማናካ በ2012 ኖቤል ተሸለመበት። ስቴም ሴል ደግሞ ትክክለኛውን የእድገት ምልክት በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከሰጡት ወደ ጉበት ሴልነት ይሄዳል። ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በየጥቂት ቀኑ የሚጠጣው ፈሳሽ ይቀየራል። ጽንስ ውስጥ ጉበት ሲሠራ የሚመጡት ምልክቶች በተራ ይሰጡታል።

ውጤቱም እንደ ጽንሱ ነው። እነዚህ ሴሎች አልፋ ፌቶፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ያልተወለደ ሕፃን ጉበት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። የአዋቂው ሲፕ3ኤ4 ዝቅ ብሎ የጽንሱ ሲፕ3ኤ7 ከፍ ይላል። የለጋሹ የቆዳ ሴል የ50 ዓመት ሰው ቢሆንም ከእሱ የተሠራው ጉበት ገና አልተወለደም።

ይህ የላብራቶሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያልበሰለ ጉበት ምን ማለት እንደሆነ ሕክምና በከባድ ዋጋ ነው ያወቀው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ክሎራምፌኒኮል የተባለ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ጨቅላ ሕፃናት መልካቸው ግራጫ እየሆነ ይሞቱ ነበር። ጉበታቸው ግሉኩሮኒክ አሲድ ማያያዝ ገና በደንብ አልጀመረም። መድኃኒቱ መውጫ አጥቶ ተከማቸባቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ከስቴም ሴል የተሠራ ጉበት አሳይቶኝ «ይኸው አልቡሚን ያመነጫል» ሲለኝ ደስ ይለኛል፣ ግን አልረካም። አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን የጽንስ ጉበትም ያመነጫል። እኔ የምጠይቀው ሚዳዞላሙን በምን ፍጥነት ለወጠው ብዬ ነው።

አሁን መለካቱን ልንገራችሁ። የምወደው ክፍል ይህ ነው። ሴሎቹ በ37 ዲግሪ ሙቀት ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፣ ቀስ ብለው ይናወጣሉ። መድኃኒቱ በጣም ትንሽ ሆኖ ይጨመራል። ከዚያ በየተወሰነ ደቂቃ ከፈሳሹ ጠብታ ይወሰዳል። አሴቶናይትራይል የተባለ ኬሚካል ይጨመርበትና ሥራው እዚያው ይቆማል። ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ፣ ስንት መድኃኒት እንደቀረ ይቆጥራል። መጀመሪያ መቶ፣ ቀጥሎ ሰባ፣ ቀጥሎ ሃምሳ። መስመሩ ሲወርድ ይታያል። የማይታይ ነገር ሲጠፋ ማየት ነው። ያ መስመር ስንት ጊዜም ባየው አይሰለቸኝም።

ከዚያ ቁጥሩ ወደ ሙሉ ሰው ይዞራል። አንድ ግራም ጉበት ውስጥ ወደ 120 ሚሊዮን የሚጠጉ የጉበት ሴሎች አሉ ተብሎ ይሰላል። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ገደማ ነው። የደሙ ፍሰት ይገባል፣ ከደም ፕሮቲን ጋር የሚጣበቀው ድርሻ ይገባል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚመጣው ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ሰውየው መድኃኒቱን ሴሎቹ ካሉት በላይ በፍጥነት ያስወጣዋል። ይህ ዘርፉ ውስጥ የታወቀ ጉድለት ነው። የመርሳቱ ነገር ለዚህ የራሱ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ።

በጣም የሚያስቸግሩት ቀስ ብለው የሚወጡ መድኃኒቶች ናቸው። በቀን አንዴ የሚዋጡትን ሁላችንም እንወዳለን፤ የመድኃኒት ሠሪዎችም ሆን ብለው እንዲህ ያሉትን ይፈልጋሉ። ነገር ግን ተንሳፋፊ የጉበት ሴል በደንብ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ነው። መድኃኒቱ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ካልቀነሰ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የሚለካ ነገር የለም። በ2012 የፋይዘር ተመራማሪዎች ያወጡት መላ ቀላል ሆኖ ብልህ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ የደከሙትን ሴሎች ይተዋሉ፣ ፈሳሹን ከነመድኃኒቱ ወደ አዲስ ሴሎች ያዛውራሉ። ከአራት ሰዓት በኋላ እንደገና። እንዲህ እየተቀባበሉ 20 ሰዓት ይደርሳሉ። ሴሉ ቢደክምም መድኃኒቱ እረፍት አያገኝም። ብዙ ብልቃጥ ይበላል፤ ያ ነው ቅሬታዬ። እያንዳንዱ ብልቃጥ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ።

ሴሎቹ የሚነግሩን ፍጥነትን ብቻ አይደለም። አንድ መድኃኒት የሌላውን መውጫ ሲዘጋ ወይም ሲያሰፋም ያሳያሉ። ተርፌናዲን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት በሲፕ3ኤ4 በኩል ወደ ፌክሶፌናዲን ይለወጥ ነበር። ሰውየው ኬቶኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት አብሮ ሲወስድ ሲፕ3ኤ4 ይዘጋል። ያልተለወጠው ተርፌናዲን ደም ውስጥ ይከማችና የልብን ምት ያዛባል። ሰዎች ሞተዋል። በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ያለው ፌክሶፌናዲን ራሱ ጉበት የሠራው ያ ለውጥ ነው።

ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ነው። ይህ የቲቢ መድኃኒት የጉበት ሴልን ሲፕ3ኤ4 አብዛ ብሎ ያዘዋል። ከዚያ የእርግዝና መከላከያ እንክብልም፣ ሌላም መድኃኒት ከታሰበው ቀድሞ ይወጣል። ልብ በሉ፣ ትእዛዙን የሚቀበለው የሴሉ ተቀባይ በአይጥና በሰው ይለያያል። የአይጡ ለሪፋምፒሲን እምብዛም አይመልስም። አይጥ ላይ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ጉዳይ ላያገኘው ይችል ነበር። የሰው የጉበት ሴል ግን ሪፋምፒሲን በተሰጠው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በግልጽ ያሳያል። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እንዲህ ያለ ምርመራ ቢያንስ በሦስት ለጋሾች ሴል ይሠራ ይላል።

ስለ ቺፕ ካልጻፍኩ ጥያቄ ይመጣብኛል። ሴሎቹን በጠባብ ቦይ ውስጥ አኑሮ ፈሳሽ እያፈሰሱ ማቆየት ነው፤ ቢያንስ የደም ፍሰትን የመሰለ ነገር ያገኛሉ። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት በ870 ቺፖች ላይ 27 መድኃኒቶችን ሞከረ። ሰው ላይ ጉበት እንደሚጎዱ ከሚታወቁት 87 በመቶውን ለየ። ጉበት የማይጎዱትን መድኃኒቶች ደግሞ ጎጂ ብሎ አልፈረጀም። ደስ የሚል ውጤት ነው። ጥናቱን የመራው ቺፑን የሚሸጠው ኢሙሌት ኩባንያ መሆኑን ግን አብሬ እይዛለሁ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ አዲስ መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ እንስሳ ላይ ይሞከር የሚለውን የሕግ ግዴታ አነሳች። በሩ ተከፍቷል። እኔ ደግፌዋለሁ። ግን በሩ ሲከፈት ሸክሙ ወደ ሴሎቹ ይዞራል፤ የረሳ ሴል ከእንግዲህ የሚያስከትለው ጉዳት ይበልጥ ይከብዳል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ የሰው ከሰው ልዩነት። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ሲፕ2ዲ6 ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። አንዳንድ ሰው ይህ ኢንዛይም ጨርሶ አይሠራለትም፤ ኮዴይን ይወስዳል፣ ሕመሙ እንዳለ ይቆያል። ሌላው ደግሞ ጂኑ ተደጋግሞ ስላለው በፍጥነት ብዙ ሞርፊን ይሠራል። ይህ ሕፃናትን እስከ መግደል ደርሷል። በ2017 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ከለከለ።

ለመደበኛ ምርመራ ላብራቶሪዎች የብዙ ለጋሾችን ሴል ቀላቅለው ይጠቀማሉ። አሥር፣ ሃምሳ፣ መቶ ሰው በአንድ ብልቃጥ። አማካይ ፍጥነት ለማግኘት ጥሩ ነው። እኔ ጋ ካሉት ለጋሾች መሃል አንዱ ግን ኮዴይን ሲሰጡት ሞርፊን አይታይም። ከዚያ በቀር የዚህ ለጋሽ ሴል ሥራው ሁሉ ጤነኛ ነው። ሚዳዞላሙን እንደ ሰዓት ነው የሚለውጠው። ይህ ሰው ቅልቅሉ ውስጥ ቢገባ ማንም አያገኘውም። ስለዚህ ጊዜ ቢፈጅም የእያንዳንዱን ለጋሽ ቁጥር ለየብቻ አወጣለሁ።

የዚህ ለጋሽ ብልቃጦች እያለቁ ነው። በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች የ12 ለጋሾችን የጉበት ሴል ወስደው ወደ ስቴም ሴል መለሱት፤ ከዚያ እንደገና ወደ ጉበት ሴል አሳደጉት። የእያንዳንዱ ሰው የሲፕ ልዩነት፣ ሲፕ2ዲ6ን ጨምሮ፣ አብሮ ተመለሰ። እንግዲህ ለጋሹን ማቆየት ይቻላል ማለት ነው። ግን ብልቃጥ መጠቀም አንድ ነገር ነው፣ ማለቂያ የሌለው የሴል ዘር መሥራት ሌላ። ቤተሰቡ የፈረመው ፈቃድ ይህን ይጨምራል ወይ? ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ሴሎቹን ለላከልን ድርጅት የስምምነቱን ሙሉ ቃል እንዲልክልኝ ጽፌያለሁ። መልሱ እስኪመጣ የቀሩት ብልቃጦች ናይትሮጅኑ ውስጥ ይቆያሉ።